ሰማዩ የቀላ ማታ

ላቨርተን ኖርዝ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ከመጋዘኖቹ ጀርባ ቆሜ፣ ኦሮራ የሚሉት ቀይ ብርሃን ሰማዩን ሲሞላው ፎቶ አነሳለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ የቤተ ክርስቲያናችን እናት እትዬ አበበች ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ሰማዩ ደም መስሏል! ልጄም ፓስተሩም ስልክ አያነሱም። ጌታ ቅዱሳኑን ወስዶ እኔ ብቻ ቀርቼ ይሆን?» ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «ኧረ እትዬ፣ የተፈጥሮ ብርሃን ነው፤ ይኸው እኔም አለሁ» አልኳቸው። «አንተማ መቅረትህ ምን ይገርማል!» ብለው ጭራሽ ማልቀስ ጀመሩ።

ሳቄ መጥቶ ነበር። ግን ባለቤቴ ጋ ስደውል እሷም አታነሳም። ካሜራዬን መኪና ውስጥ ወርውሬ ሜድስቶን ወዳለው ቤታችን ከነፍኩ። ስገባ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ቀሰቀስኳት። «ምን ሆንክ?» ብላ ብድግ አለች። «ቶሎ እትዬ አበበች ጋ ደውዪ» አልኳት፤ «አንቺም መቅረትሽን ሲሰሙ ይረጋጋሉ።»