ኮምፕሬሽኑ ያልተለካ ሞተር

ከጭሮ ወደ በደሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለቱ የተዋወቁት ገና ሳንነሳ ነው፤ አንዱ ሸበቶ መካኒክ፣ ሌላው የጫት መኪና ያለው ወጣት።

“ለዚያች ትንሽ ሞተር ቱርቦ አስገጠምክላት?”

“አዎ ጋሼ፣ አየር እየገፋ ጉልበት ይጨምርላትና ዳገቱን እንድትወጣልኝ ብዬ።”

“መጀመሪያ ኮምፕሬሽኗን፣ ሲሊንደሮቿ አየሩን የሚጨምቁበትን ጉልበት አስለካህ?”

“ለምን? ስገዛት ሞተሯ እንደ መስታወት ያበራ ነበር።”

“በናፍጣ አጥበው ሸጡልሃ! አራቱም ሲሊንደር እኩል ኮምፕሬሽን አለው ወይ ነው የምልህ!”

“አንዱ ትንሽ ደከም ይላል። ቱርቦው ያግዘዋል ብዬ ነው።”

“ያግዘዋል? ሳንባው የታመመ ሰው ዳገት ላይ ሩጥ ይባላል? ያ ሁሉ አየር ተገፍቶ ሲገባ ፒስተኑን ይበሳዋል እንጂ!”

“ወላሂ ጋሼ፣ እስካሁን ትበራለች።”

“ዘይቷንስ መቼ ቀየርክ?”

“ሲጎድል እጨምርላታለሁ።”

“ትጨምርላታለህ! ቱርቦ በጥቁር ዘይት? ለምን መጀመሪያ ሞተሯን አስፈትተህ አላሠራሃትም?”

“ሦስት ቀን ትቆማለቻ! ጫት ሦስት ቀን ይጠብቃል? ትንሽ ከጠወለገ እኮ ማንም አይገዛኝም።”

“አሁን ማን እየነዳት ነው?”

“ታናሽ ወንድሜ። ከመቻራ ጭኖ እየመጣ ነው።”

“ታናሽ ወንድምህ! በል ደውልለት፣ አሁኑኑ ያቁም!”

ወጣቱ ስልኩን አወጣ፣ ትንሽ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

“ጫቱን ጭሮ ያድርስና እደውልለታለሁ።”

ከመሳፈሬ በፊት “ትኩስ ካልሆነ አልወስድም” ብዬ የገዛሁትን ጫት ከጭኔ አንስቼ ቀስ ብዬ ከመቀመጫው ሥር ሸጎጥኩት።