የአናጢው ሬዲዮና የጎረቤት ስክሪን

ጡረተኛው አናጢ ከደረጃው ሲወርዱ፣ በኮምፒውተር የቤት ንድፍ የምትሠራው ጎረቤታቸው ዳቦ ይዛ ትወጣ ነበር። ሰላምታውን አስረዝመው የእናቷን ጤና ጠየቁና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሥራሽን ስክሪኑን ሳታበሪ መሥራት አትችይም?»

«ሳላይ ልሥራ ነው የሚሉኝ፣ አባባ?»

«እኔስ ሳልሰማ ላውራ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አናጢው ባሕር ማዶ ካለ ወዳጃቸው ጋር በአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም በግል የመነጋገሪያ ሬዲዮ፣ ሲጨዋወቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ልጅቷ ትልቁን ስክሪን ካስገባች ወዲህ ግን ሬዲዮው እንደ ዘይት መጥበሻ ይንጫጫል። እሳቸው ደግሞ አልሰማሁም ማለትን እንደ ነውር ስለሚቆጥሩ፣ ድምፁ ሲጠፋባቸው «እንኳን ደስ አለህ» ብለው ያልፋሉ። ሰኞ ዕለትም እንዲሁ አሉ። ከዚያ ወዲህ የወዳጃቸው መልስ ሁሉ አጭርና ቀዝቃዛ ሆነ። ምን ብሎኝ ይሆን እያሉ እህል አልወርድ አላቸው።

ልጅቷ ቤታቸው ገብታ አየች። የአንቴናው ሽቦ በጋራው ግድግዳ ላይ ተዘርግቷል፤ ስክሪኗ ከወዲያ በኩል ነው።

«ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። የእኔ ስክሪን ይረብሻል፣ የእርስዎ ሽቦ ደግሞ ጆሮውን ደቅኖለታል። ሽቦውን ጣሪያ ላይ እናውጣው።»

«እዚህ የሰቀልኩት ዝናብ እንዳይነካው፣ ወፍ እንዳያርፍበት ብዬ ነው እኮ።»

«ወፍ ቢያርፍበት ይሻላል ወይስ የእኔ ስክሪን ረብሻ ቢያርፍበት?»

አናጢው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። እሷም ሄዳ ጥቁር ቀለበት አመጣች።

«ይሄ ደግሞ ክታብ መሆኑ ነው?»

«ፌራይት ይባላል። የስክሪኔን ገመድ ደጋግሜ እጠመጥምበታለሁ፤ በገመዱ የሚሾልከውን ረብሻ ያፍነዋል። ከጣሪያ ወደ ሬዲዮዎ የሚወርደው ደግሞ እንደ ዲሽ ገመድ በብረት መረብ የተሸፈነ ይሁን።»

«ካልሠራስ?»

«ያኔ ስክሪኔን አጠፋለሁ።»

በማግስቱ ሽቦው ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ልጅቷም ውጤቱን ልትሰማ ሬዲዮው አጠገብ ቆመች። መንጫጫቱ ወደ ሹክሹክታ ወረደ፤ የወዳጃቸው ድምፅ አጠገባቸው የተቀመጠ ያህል ጠርቶ መጣ።

«ሰኞ ያልከኝን አልሰማሁህም ነበር» አሉ አናጢው። ይህን ሲሉ በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው ነው። «እስቲ ድገምልኝ።»

ወዳጃቸው ከሬዲዮው ውስጥ መለሰ።

«ወንድሜን ቀበርኩት ነው ያልኩህ። አንተ እንኳን ደስ አለህ አልከኝ።»

አናጢው ኮፍያቸውን አወለቁ። ልጅቷ ቀስ ብላ ልትወጣ ስትል፣ ተቀመጪ ብለው በእጃቸው አሳዩአት።

«ንገረኝ» አሉት፣ «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»

እንዲህ አድርገው፣ ስክሪኑም ሳይጠፋ፣ ጎረቤትም ሳይኳረፍ፣ አናጢው ባሕር ማዶ ለቅሶ ደረሱ።