የጠዋቷ አራት ደቂቃ

— ሄሎ? የክትትል ክፍል።… ውይ፣ ጋሼ! እንደምን አደሩ?

ልጅቷ መቀበያውን በጉንጯና በትከሻዋ መሀል ይዛ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ገና ወር አልሞላቸውም። ይህ ወንበር ስድስት ዓመት የእሳቸው ነበር፤ መደገፊያው እንኳ በእሳቸው ጀርባ ልክ ጎድጉዶ ቀርቷል። የክትባት አከፋፋዩ ድርጅት ሰርቨሮች፣ መስመሮችና ማቀዝቀዣዎች አንዳች ነገር ሲሆኑ አላርሙ የሚጮኸው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

— ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ።… አይ፣ አይጮህም። እሱን ልነግርዎት ነበር፣ ጸጥ አለ እኮ።… ቆይ፣ በቀን አንድ ሺህ አንድ መቶ ነበር አይደል የሚመጣው? ትናንት ስንት እንደመጣ ይገምቱ።… ዝቅ ያድርጉ።… አሁንም ዝቅ።… አሥራ ዘጠኝ።

ከፊት ለፊቷ የሚሠራው ባልደረባዋ፣ ረጅሙ፣ አንገቱን ከስክሪኑ በላይ አሻግሮ ሳቀባት። ይህችን ቁጥር ከትናንት ጀምሮ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር ነግራለች። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ለአለቃው ታቀርባለች። ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። አንድ መስመር ሲቋረጥ ከኋላው ያሉት አርባ ማሽኖች አብረው እንዳይንጫጩ አድርጋለች። በራሱ ተነሥቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ የሚጠፋ አላርምም ከእንግዲህ ማንንም አይጠራም።

— ምን አሉኝ?… የመጋዘኑ? የቀዝቃዛው ክፍል?… ጠዋት ጠዋት የምትመጣዋ? እሷንማ ዝም አሰኘኋት፣ ጋሼ። ሳምንት ሆናት።… ምን ታደርጋለች? አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ትነሣለች፣ አራት ደቂቃ ትቆያለች፣ ትጠፋለች። በሩ ሲከፈት ሙቀት ይገባል፣ ሲዘጋ ይወርዳል፣ በቃ። እርስዎ ራስዎ እኮ ደብተርዎ ላይ ጽፈውታል፤ «በየቀኑ፣ የታወቀ ነው» ብለው።… ሄሎ? ጋሼ፣ ይሰሙኛል?

ይሰማሉ። ቃላቸውን እየመረጡ ነገሯት። ያቺ አላርም በመጣች ቁጥር ወደ መጋዘኑ ይደውሉ ነበር። በሩን የሚከፍቱት የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው፤ ክረምት ከበጋ ከላያቸው በማይወርደው ልብሳቸው የተነሣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ካፖርት የሚላቸው። እርስዎ ነዎት ወይ ይሏቸዋል፤ እኔ ነኝ ይላሉ፤ ያው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ላይ የሚጨምሩት ስለ ጤናና ስለ መጋዘኑ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ጋሼ ከጡረታ በኋላም ልማድ ሆኖባቸው ከቤታቸው ይደውላሉ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ደውለው የሚያነሣ አጥተዋል።

— ቀርተው ይሆናላ። ጉንፋን ምናምን ይዟቸው።… እሺ፣ እሺ። ዝም አሰኘኋት እንጂ መመዝገቡን አልተወችም። አይልዎታለሁ፣ አንዴ ይታገሱኝ።

ዝም የተሰኙት አላርሞች በግራጫ የሚደረደሩበትን ገጽ ከፈተች። ከዘረጋችው ጀምሮ አንድም ቀን ተመልሳ አላየችውም ነበር።

— ከትናንት በስቲያ አንድ ሰዓት ከዘጠኝ፣ አራት ደቂቃ። ትናንት አንድ ሰዓት ከአሥር፣ አራት ደቂቃ። ዛሬ… አለች፣ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ገብተዋል ማለት ነው፣ ጋሼ። ስልካቸውን የሆነ ቦታ ጥለውት ነው።

ገጹን ልትዘጋ ስትል ጣቷ ቆመ።

— ቆይ። የዛሬዋ አንድ ደቂቃ ናት።… አዎ፣ አንድ። በአሥራ ሁለት ተነሥታ በአሥራ ሦስት ጠፍታለች።… እኔ እንጃ። ግን ጋሼ፣ በዚያች አራት ደቂቃ ውስጥ ምንድነው የሚያደርጉት?

የበሩ የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል አሉ ጋሼ። እንዲጠገን ሦስት ደብዳቤ ተጽፏል። እስከዚያው ጋሽ ካፖርት በሩን በባዶ ሣጥን ያስደግፉና ይገባሉ፤ የላይኛውን መደርደሪያ ቆጥረው ይወጣሉ። ስልካቸውን ውጭ ጠረጴዛው ላይ ይተዉታል፤ ውስጥ ኔትወርክ የለም።

ልጅቷ ያቺን አንድ ደቂቃ ደግማ አየቻት፤ በሩ የተዘጋው ጋሽ ካፖርት ሳይወጡ ነው። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ከሃያ አምስት ይላል።

— ጋሼ፣ ስልኩን እንዳይዘጉት።… ረጅሙ! የመጋዘኑ ጥበቃ ቁጥር አለህ? በዚያኛው ስልክ ደውልለት። ሮጦ ቀዝቃዛውን ክፍል ይክፈት በለው፣ ጋሽ ካፖርት ተዘግቶባቸዋል።… ተዘግቶባቸዋል ነው የምልህ፣ በኋላ አስረዳሃለሁ። — አለሁ ጋሼ። እየደወለ ነው።… አዎ፣ ሌሎቹ ሦስት ሰዓት ነው የሚገቡት፣ ከጥበቃው በቀር ሰው የለም።… አምስት ዲግሪ ይላል።… አይ፣ ከዜሮ በላይ ነው፣ በረዶ የሚሠራ አይደለም። ግን አንድ ሰዓት አልፏቸዋል።… እሱስ ልክ ነው፣ ካፖርቱ አለ።… ስኳር አለባቸው? ቁርስስ?… ሳይበሉ ነው የሚገቡት።

ረጅሙ መቀበያውን በእጁ ከድኖ ጥበቃው ግቢውን እየተሻገረ መሆኑን ነገራት። ከውጭ በኩል ቁልፍ አያስፈልገውም፤ መወርወሪያውን መሳብ ብቻ ነው። ግቢው ግን ሰፊ ነው፤ ጥበቃውም ወጣት አይደለም።

— እየሄደ ነው፣ ጋሼ።… አይ፣ እርስዎ ምን አደረጉ። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።… መጻፉንማ ጽፈዋል፣ እደውላለሁ ብለው ግን አልጻፉም።

ሰላምታ እኮ ነው፣ ሰላምታ ሥራ ተብሎ ይጻፋል እንዴ አሉ ጋሼ።

— አይጻፍም። እኔም መጠየቅ ነበረብኝ፤ አንድ ቀን ደውዬ፣ ይቺ ነገር ምን ታደርግልዎት ነበር ብዬ።… በቃ፣ እኩል ነን። አሁን ይጠብቁ።

ዓይኗን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለችም። አምስት። አምስት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አላርም ስታባርር ቆይታ፣ አሁን አንዲት አላርም እንድትነሣላት ትለምናለች።

— ጋሼ… ስድስት አለ።… ሰባት። እየወጣ ነው።… ዘጠኝ! ተነሣች። ከፈተው፣ ጋሼ፣ ከፈተው።

ከገጹ አናት ላይ አንዲት ግራጫ መስመር ብቅ ብላ ነበር፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ማንንም ሳትጠራ።

— ረጅሙ፣ ምን አለህ?… ይናገራሉ? ሙሉ ዓረፍተ ነገር?… — ደህና ናቸው፣ ጋሼ። ሣጥኗ ተንሸራታባቸው ነው። እጃቸው ደንዝዟል፣ ጥበቃው ሻይ እያጠጣቸው ነው፣ ስኳር ጨምሮ። ከዚያ ክሊኒክ ይወስዷቸዋል።… ምን? ቆይ፣ ጋሼ። — ተቆጥተዋል? ማንን?

ረጅሙ ፈገግ ሳይል ቃል በቃል አቀበላት። ጋሽ ካፖርት መጀመሪያ አልፈሩም ነበር። አላርሟ እዚያ ትጮሃለች፤ ይደውላሉ፤ ካላነሣሁ ሰው ይልካሉ ብለው ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው ብለው አሰቡ። አሥሩም ሃያውም አለፈ። አሁን የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ የተኛው ማን ነው?

ልጅቷ መቀበያውን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

— ለምን ሰው አልተላከልኝም ይላሉ፣ ጋሼ።… አይ፣ እርስዎ አይንገሯቸው። እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ከክሊኒክ ሲመለሱ፣ ሄጄ።… እሷንማ መለስኳት፣ አሁን እያወራን። ነገ ትጮሃለች፣ እኔም እደውላለሁ። እጀታውን ደግሞ ሪፖርቱ ላይ አስገባዋለሁ፣ አራተኛ ደብዳቤ ይበሉት።… እርስዎም ይደውሉ እንጂ፣ ምን ገዶኝ። መስመሩ ተይዟል ካለዎት እኔ ነኝ ማለት ነው።… ቁጥሩ?

ሰዓቱን አየች። ለአለቃው የምታቀርበው ወረቀት ታትሞ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል፤ አሥራ ዘጠኟ በትልቁ፣ በደማቅ ቀለም። እስክሪብቶዋን አነሣች።

— ከእሷ ጋር ሃያ ነው፣ ጋሼ።… አዎ፣ ሃያ። በሉ ደህና ይዋሉ።