እትዬ ይደገም እና የተሰረዙት ገጾች

ዛሬ በክብር የምንሸኛቸው፣ ሁላችንም እትዬ ይደገም እያልን የምንጠራቸው አክስታችን፣ ከአባታቸው ከልብስ ሰፊው እና ከእናታቸው ከአዋላጇ የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛዋ ስለነበሩ፣ በራሳቸው አባባል፣ ትልልቆቹ የማይሰሟቸው፣ ታናናሾቹም የማያከብሯቸው ሆነው አደጉ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ የጽሕፈት ሙያ ተምረው፣ መስኮቷ ወደ መንገድ በምትመለከት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማመልከቻ፣ ውልና ልቦለድ በጽሕፈት መኪና ሲመቱ ኖሩ። መኪናቸው በተበላሸ ቁጥር እየመጡ ከሚጠግኑላቸው ባለሙያ ጋር በትዳር ተሳስረው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል፤ መኪናዋ ከሠርጉ በኋላ እምብዛም አለመበላሸቷን ባለቤታቸው ዛሬም አያስተባብሉም።

እትዬ ሙያ በልብ ነው ባይ ነበሩና የደንበኛን ጽሑፍ ለማንም አያወሩም ነበር። ሆኖም አንድ ጥፋት ነበረባቸው። መጻሕፍታቸው በየቤቱ የሚነበቡላቸው አንድ ደንበኛቸው ደራሲ እዚያው ክፍል ሰርዘው የጣሏቸውን ገጾች፣ እትዬ ሳያስፈቅዱ፣ ከቅርጫት እያነሡ በመሳቢያቸው ያስቀምጡ ነበር።

ይህን የምታነብላችሁ የእህታቸው ልጅ የጻፈችው የመጀመሪያ ልቦለድ ከአሳታሚ ተመልሶባት፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም ብላ ወረቀቷን ልትቀድ ስትነሣ፣ እትዬ ከመሳቢያቸው አንድ ገጽ አውጥተው አስተያየቷን ጠየቋት። እርሷም የማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ጸሐፊው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል ስትል ፈረደች። ገጹ ግን እርሷ በቃሏ የምትወጣው የእኚያ ደራሲ መጽሐፍ መጀመሪያ፣ ሳይቃና የተጣለው ረቂቅ ነበር። እትዬ ይህን ነግረዋት ሳይጨርሱ ደራሲው በሩ ላይ ደርሰው ኖሮ እጅ ከፍንጅ ያዟቸው።

እትዬ እንጀራቸው በዚያች ቀን የተቆረጠ መስሏቸው ይቅርታ ጠየቁ። ደራሲው ግን ገጹን ተቀብለው አነበቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ በመጋዘን ውስጥ ጆንያ እየመዘኑ አሥራ ሁለት ዓመት መሥራታቸውን፣ መጽሐፉን በምሳ ሰዓት በአሮጌ ካርቶን ጀርባ ላይ መጀመራቸውን፣ ያችን ገጽ እስክትቀና ዘጠኝ ጊዜ መጻፋቸውን ለእትዬ የእህት ልጅ አጫወቷት። ሲነሡም፣ «መጥፎውን ሳልጽፍ ደህናው መጥቶልኝ አያውቅም፤ ለሚቸገር ሁሉ ያሳዩልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የተበላሹ ገጾቻቸውን ራሳቸው እያመጡ ይሰጧቸው ነበር።

መሳቢያዋም ለጀማሪ ሁሉ ተከፈተች። እትዬ ተስፋ የቆረጠውን ሻይ ጋብዘው፣ የታላቁን ሰው ስርዝ ድልዝ አስነብበው፣ «ይደገም» ብለው ስለሚሸኙት ስሙ በዚያው ወጣላቸው። የእህታቸው ልጅ መጽሐፍም ከአራት ድጋሚ በኋላ ታተመ፤ የመጨረሻውን ቅጂ የመቱላትም እርሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውን፣ እንዲሁም ተስፋ ቆርጠው ገብተው መጽሐፍ ይዘው የወጡ ብዙ ሰዎችን ትተውልናል።

ይህን ዜና ሕይወት እኔ የእህታቸው ልጅ ስድስት ጊዜ ጻፍኩት፤ የመጀመሪያው እርሳቸውን ፈጽሞ አይመስልም ነበር። በስድስት ያቆምኩትም ሰዓቱ ስለደረሰብኝ እንጂ ስለቀናልኝ አይደለም። አምስቱን ረቂቆች በመሳቢያቸው አስቀምጫለሁና የሚቸገር መጥቶ ያንብብ። እትዬ፣ ስላልቀደድኩት ወረቀት አመሰግንዎታለሁ። ፈጣሪ ነፍስዎን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።