መስቀል ሲደርስ የሚነሳ ሕመም

ኧረ ይግቡ እትዬ ሠርኬ! ምነው እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሙ? ኑ እዚህ፣ እዚች የጨርቅ ጣቃ ላይ አረፍ ይበሉ። ዝናቡ መስከረም ጠብቶም አልለቀቀንም አይደል? ለእህትዎ የሚላከውን ይዘው መጡ? ውይ፣ ነጠላ ነች! እንዴት ታምራለች! በሉ አምጧት፣ ነገውኑ እምድብር ትደርሳለች። አዎ፣ ነገ በማለዳ ነው የምሳፈረው፤ ትኬቱ ይኸውና፣ ከመታወቂያዬ ጋር አድርጌዋለሁ።

ምን ያስቅዎታል? አላመኑኝም? አይፈረድብዎትም። ሦስት መስቀል ሙሉ እዚህችው ቦታ ላይ ዕቃዎን በደስታ ተቀብዬ፣ በማግስቱ አንገቴን ደፍቼ መልሼልዎታለሁ። ዘንድሮ ግን እሄዳለሁ። ዘንድሮ በዚህ ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው… ተመስገን።

ሥራውንማ ጨረስኩት። አለቃችንን ጋሼ ፈለቀን ያውቋቸው የለ? «የሱቁ ፔጅ ለአንድ ቀን እንኳን ጭር እንዳይል» ብለውኛል። መጋረጃ መሸጣቸውን ረስተው ቴሌቪዥን ጣቢያ የከፈቱ ነው የሚመስላቸው። እና የሳምንቱን ቪዲዮ በሙሉ በአንድ ቀን ቀረጽኩት። ሻርፕ እየቀያየርኩ፣ አንዴ ፀጉሬን አስይዤ አንዴ ለቅቄ፣ ሰኞም እኔ፣ ማክሰኞም እኔ! ቀኑን እየጠበቀ በራሱ ይወጣል። ጫማ መቀየር ረስቼ ነበር… ግን መጋረጃ የሚገዛ ሰው እግሬን ምን ያደርግለታል?

በራሱ የማይሠራው ሌላው ነው። «ስንት ነው?» ለሚለው በኢንቦክስ መመለስ፣ የመስኮቱን ልክ መጠየቅ፣ ማታ ማታ ላይቭ ገብቶ ጨርቁን እያገላበጡ ማሳየት። ለእሱ ደግሞ ሰው አለኝ። ያቺ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ። ደመወዛችን እኩል፣ ሥራችን እኩል… እንደውም ሕዝቡ እኔን ሲያይ ዋጋ ይጠይቃል፣ እሷን ሲያይ ይገዛል። እውነቴን ነው፣ እዚህ ላይ አልዋሽም።

ምነው በዓይንዎ ጠቀሱኝ? ቀስ ብለሽ አውሪ ነው? ኧረ አትሰማም! ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ የለ? ገመዱ ምንም ላይ አልተሰካም እንጂ… እና ብትሰማስ እትዬ? እያሞገስኳት እኮ ነው!

ሰውነቷ ስስ ነው፣ ይኸው ነው ችግሯ። ዓመቱን በሙሉ ብረት ናት። ክረምቱን በዚያ ሁሉ ጎርፍ ከአውቶቡስ ተራ እዚህ ድረስ በእግሯ ስትመላለስ አንዴ አስነጥሷት አያውቅም። ደመራው ሲቃረብ ግን… ምን እንደሚነካት እንጃ። በመጀመሪያው ዓመት ቶንሲል ያዛት። እኔ ሻንጣዬን ዘግቼ፣ ማታ ደወለችና «ሩሀማዬ፣ ድምፄ ጠፋ» አለችኝ። አስቡት፣ ድምፅ ጠፍቶባት በስልክ! ለእኔ ብላ እንዴት እንደታገለች ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

በሁለተኛው ዓመት ታይፎይድ ሆነ። ሐኪሙ «ተኚ» ብሏት ነበር። የት እንደምትተኛ ግን አልነገረንም መሰለኝ፣ ጋሼ ፈለቀ ሰው ቢልኩ ቤቷ የለችም። አምና ደግሞ ወገቧ! «ቀና ማለት አቃተኝ፣ ካልሲ እንኳን የሚያጠልቅልኝ ሰው ጠፋ» ስትል እኔ ራሴ አለቀስኩ። ሻንጣዬን ፈትቼ እዚህ ተቀመጥኩ።

የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የለጠፈውን ማየት ነው። ፈልጌ አይደለም እትዬ፣ በዚያው በአምናው መስቀል አንድ ቪዲዮ ራሱ መጣብኝ። ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ አንዲት ልጅ ያንን ወገብ የሚያዞረውን ጭፈራ… አይ እሷ! ታች ወርዳ ስትመለስ፣ ከበው ያጨበጭቡላታል። ቁርጥ የእኛዋን ልጅ! ሻርፗ እንኳን ለልደቷ የገዛሁላትን ይመስላል። «ኧረ ሩሀማ፣ ቀና ማለት ያቃታት ልጅ እንዴት አድርጋ እንዲህ ትሆናለች?» ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ሰውና ሰው ይመሳሰላል አይደል እንዴ? ላይክ አድርጌላት አለፍኩ።

አልተቀየምኩም… ውሸቴን ነው፣ ተቀይሜያለሁ። አባቴ እኮ በመስቀል ልጆቹን አንድ በአንድ አንበርክኮ ነው የሚመርቀው። እኔን ሦስት ዓመት በስልክ መረቀኝ። ያ የእኛ አገር ኔትወርክ ደግሞ «ልጅ…» ሲል ይቆረጣል! ልጅ ይስጥሽ ይሁን፣ ልጄ ናፈቅሽኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። እናቴ የእኔን ክትፎ በጣባ ለይታ ታስቀምጥና ሲመሽ ለጎረቤት ታወጣዋለች። በዚህ ክረምት ደግሞ አባቴ ታመመ። እንደዚህ… ቀን መርጦ የሚመጣ ሳይሆን፣ እውነተኛውን ሕመም። ስደውልለት ስለ ሕመሙ አንድ ቃል አላወራኝም። «ለመስቀል ትመጫለሽ?» ብቻ ነው ያለኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ለጓደኛዬ ቀድሜ ተጨነቅኩላት። ጋሼ ፈለቀን «እኔ ስሄድ ድንገት ብታማት ብቻዋን እንዳትተኛ፣ አደራ» አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ፣ ያውልዎት እዚያ ጥግ ሒሳብ ይሠራሉ፣ ሩኅሩኅ ናቸው፣ «ከባለቤቴ ጋር ብርቱካን ይዘን ጠዋትና ማታ እንጠይቃታለን፣ ካስፈለገም እኛ ቤት ትተኛለች» አሉ። እንዲህ ያለ አለቃ የት ይገኛል?

በዚያ ላይ ትናንት ያንን ራሷ የምትወደውን ፎቶዋን ፔጁ ላይ ለጠፍኩት። «የመስቀልን ሳምንት ማታ ማታ በላይቭ ከእናንተ ጋር ናት፤ ጤናዋን ይጠብቅልን በሉ» ብዬ። ስም አልጻፍኩም፣ እንዲህ ያለ መልክ ስም ያስፈልገዋል? ሕዝቡ «አሜን» ሲል ቢያዩት! ከኮምቦልቻ አንዲት ደንበኛችን «ዱዓ አደርግላታለሁ» ብላለች። ራጉኤል ሰፈር ያሉ አንዲት እማማ ደግሞ ስለት ተሳልኩላት አሉ። ይህን ሁሉ ሰው ጸሎት ላይ አስቀምጦ መታመም ይቻላል እንዴ? እኔ እንጃ፣ ሐኪም አይደለሁም።

ሰሙ? ሳለች መሰለኝ… አይ ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! ጃኬትዎን አያንሱ፣ ብርቱካኑ ገና ነው! የጨርቁ ብናኝ ትን ብሏት ነው። ይኸው ተወት አደረጋት፣ አያችሁ? እንዴት ደስ ይላል!

በሉ እትዬ፣ ነጠላዋን ሻንጣዬ ውስጥ ላስገባት። የሱቁን ስልክም ቻርጁን ሞልቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን አባቴን ተክቼ ልመርቃትና እርስዎ አሜን ይበሉልኝ። ጉሮሮዋን ያጥራላት፣ ድምፅዋ አይጥፋ። ትኩሳት የሚባል በደጇ አይለፍ። ያንን የሚያምር ወገቧን ያጽናላት። ራስ ምታት እንኳን አይንካት። እኔ ስሄድ በጤና ሸኝታኝ፣ ስመለስ በጤና ትቀበለኝ። ዘንድሮ ብቻም አይደለም… እኔ አገሬ፣ እሷ በሙሉ ጤንነት እዚህችው ወንበር ላይ፣ ዓመት ዓመት ያድርሳት።