አዞውን ማን ያቅርብ?

ባሮ ወንዝ ላይ ድልድይ ሳይሠራ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ በታንኳ ስንሻገር አንድ የዐቃቤ ሕግ ጸሐፊና አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሲከራከሩ ሰማሁ።

«ሁለት ሰዎች ዓሣ ሊያጠምዱ ወርደው አንዱ ብቻ ተመለሰ። ገዳይ ነው ብለን ከሰስነው» አለ ጸሐፊው።

«ሬሳው ተገኘ?»

«የለም። አዞ በላው ይላል።»

«ሲገድል ያየ አለ?»

«የለም። ግን አዞ መብላቱን እሱ ያስረዳ!»

«በምን? አዞውን ምስክር ይቁጠር?»

«ሐጂ፣ አይቀልዱ። እዚህ መልካ ላይ አዞ የለም።»

«ጉድ እኮ ነው! ከሳሾቹ እናንተ፣ አስረጂው እሱ። አዞ ከሌለማ ጌታው፣ እግርዎን ውሃው ውስጥ ይንከሩና ያስረዱ!»

«እኔ ምን ዕዳ አለብኝ?»

«እሱስ ምን ዕዳ አለበት?»

እኔም ውሃው ውስጥ የነከርኩትን እጄን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ።