ከእማሆይ ጋር ማን ይግባ?

«ባለፈው ምርጫ መሪጌታ ምልክቱን እኔ ባልኳቸው ላይ ያድርጉልኝ፣ በሌላው ላይ ያድርጉልኝ፣ በምን አውቃለሁ ጌታነሽዬ?»

ዓይነ ስውሯ መነኩሲት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ጌታነሽን እንዲህ ሲሉ ጠየቋት። ለምርጫው አምስት ቀን ቀርቶታል። እማሆይ በዚህ ዓመት እሷ እጃቸውን ይዛ እንድትገባ ፈልገዋል። «ለመሪጌታ ግን አንቺው ንገሪያቸው፤ እኔ አፍራለሁ» አሏት።

ጌታነሽም ታፍራለች፤ እንዲያውም ትፈራለች። መሪጌታ ይሥሐቅ ለሰፈሩ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ የመጣ ወረቀት የሚያነቡ ሰው ናቸው። ምርጫ ሲደርስም ማየት የተሳነውንና ማንበብ የማይችለውን ሁሉ እየተቀበሉ ከመጋረጃው ጀርባ ይዘውት ይገቡና ምልክቱን ያደርጉለታል። ማንም በክፉ አይቶት አያውቅም። እሷ ደግሞ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

በማግስቱ ከዘመሮ ገበያ ስትመለስ መሪጌታን ዳገቱ ላይ አገኘቻቸው። ለአብነት ተማሪዎች ጎጆ ክዳን የሚሆን የጓሳ ሣር በአህያ ጭነው፣ ጭነቱ ተንሸራቶባቸው ቆመዋል። ገመዱን ከወዲያ በኩል እየሳበችላቸው እንደምንም ነገሩን ጀመረች።

«መሪጌታ፣ በምርጫው ዕለት እማሆይን እኔ ይዣቸው ልግባ ብዬ ነበር።»

«አንቺ?» አሉ ቋጠሮውን እያጠበቁ። «አንዲት ገጽ ሳትጨርስ ፀሐይ የምትጠልቅባት ሴት ምን ልታነቢላቸው ነው?»

«ብትጠልቅም እጨርሳለሁ። ደግሞ ወረቀቱ ላይ የየዕጩው ምልክት በሥዕል አለ። መሰላልና እንስራ ለመለየት ዳዊት መድገም አያስፈልግም።»

መሪጌታ ሳቅ አሉ። «አፍሽስ ቀድሞ ተምሯል። ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ባለፈው ምን እንዳደረጉላቸው እማሆይ አያውቁም።»

መሪጌታ ውሸት የማይወዱ ሰው ናቸው። «መሰላሉ ብለውኝ ነበር» አሉ። «የመሰላሉ ሰውዬ እንደማይረባ ስለማውቅ እንስራው ላይ አደረግሁላቸው። ለእሳቸው ብዬ ነው፤ ለራሴ ያገኘሁት ነገር የለም።»

ጌታነሽ ገመዱን ለቀቀች።

«ልክ የልጄን መልእክት እንዳነበቡልኝ» አለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ልጇ እፀገነት ከደብረ ብርሃን በስልክ መልእክት ልካ ነበር። መሪጌታ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ ትላለች» ብለው አነበቡላት። መልእክቱ ግን እፀገነት ታማ ሆስፒታል መተኛቷንም ይናገር ነበር። ጌታነሽ ይህን የሰማችው ልጇ ድና ስትመጣ ነው።

«እንዳትጨነቂ ብዬ እኮ ነው» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ፤ ክፉ አላሰቡም። እኔ ግን ልጄ ተኝታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠርግ ቤት ስጨፍር ከረምሁ። ጭንቀቱ የእኔ ነበር መሪጌታ። ሊያስቀሩብኝ አይገባም ነበር። ትምህርት የጀመርሁትም ለዚያ ነው። የእማሆይ ድምፅም የእማሆይ ነው፤ ቢሳሳቱም የራሳቸው ስሕተት ነው።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

መሪጌታ አህያዋን ነዷት። ጥቂት ከሄዱ በኋላ «ሕጉስ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

ጌታነሽ ምርጫ ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየሄደች አንብባ ጨርሳዋለች። «ረዳቱን የሚመርጠው መራጩ ራሱ ነው ይላል። ረዳቱ የተነገረውን ብቻ ያደርጋል። እዚህ ይሻላል አይልም፤ ከወጣም በኋላ ለማንም አይናገርም። ዕጩ የሆነ ወይም የፓርቲ ወኪል ረዳት አይሆንም። አንድ ሰው ሰፈሩን ሁሉ ተራ በተራ ማስገባት አይችልም። ዓይኑ እያየ ማንበብ ብቻ የማይችል ደግሞ አስፈጻሚዎቹ አሠራሩን ያስረዱትና ብቻውን ይገባል።»

«አያ ወልደ ጻድቅ እኮ እስክርቢቶ ጨብጠው አያውቁም። ወረቀቱን ቢያበላሹስ?»

«ከአሁኑ በባዶ ወረቀት ያለማምዷቸው። ከእርስዎ የተሻለ አስተማሪ ከየት ይመጣል?»

መሪጌታ ጭነቱን አዩት። «የጓሳ መስክ ጠባቂም ሣሩን ይጠብቃል እንጂ እኔ ልጨድላችሁ አይልም» አሉ። «ለካ እኔ ስጠብቅ አጭጃለሁ።»

በዚያው ዕለት እማሆይ ቤት ሄደው ያደረጉትን ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ይቅርታም ጠየቁ። እማሆይ ይቅርታ አደረጉላቸው፤ «እኔም የመሰላሉን ሰውዬ መርጬው አሳፈረኝ እያልሁ ለአራት ዓመት በከንቱ ስቆጣው ኖርሁ፤ ለካ አልመረጥኩትም» ብለው ሳቁ። በቀሩት ቀናት መሪጌታ ከቅዳሴ መልስ ሰዎቹን ዋርካው ሥር ሰብስበው ምልክት ማድረግ አስተማሯቸው።

የሕጉ ጥቅም ለመራጩ ብቻ እንዳልሆነ ጌታነሽ ያየችው ያን ጊዜ ነው። መራጩ የልቡን አድርጎ ይወጣል። ረዳቱም አፉን ከያዘ ከሐሜት ይድናል፤ ጎረቤትም በምርጫ ሰበብ አይቀያየምም። በወረቀት ላይ አንዲት ምልክት ማድረግ የለመደ እጅ ደግሞ ነገ ስሙን ለመጻፍ አይንቀጠቀጥም።

በምርጫው ዕለት መሪጌታ ማልደው ድምፃቸውን ሰጡና ሰው በልማድ እጁን እንዳይዘረጋላቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቀድሞ ይዘዋቸው ከሚገቡት አሥራ አንድ ሰዎች እማሆይን ጨምሮ ዘጠኙ ተሰልፈው መረጡ፤ እማሆይ የገቡት ጌታነሽ እጃቸውን ይዛ ነው። አያ ወልደ ጻድቅና ባለቤታቸው ግን መሪጌታ ከሌሉ እኛም አንመርጥም ብለው ተከትለዋቸው ሄዱ።